ሙቀቱ የማን ነው? ተሳቢ ለሚጎትት ሃይሉክስ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው ካዛንቺስ አካባቢ ሆነው ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለአደባባይ ዝግጅት ጀኔሬተር ያከራያሉ። መኪናቸው ባለ ናፍጣ፣ አራቱንም ጎማ የሚያሠራ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። ጀኔሬተሩ ተሳቢ ላይ ተጭኖ ከነተሳቢው 15 ኩንታል ይመዝናል። ተሳቢው እዚሁ አገር ውስጥ የተበየደ ሲሆን የራሱ ፍሬን የለውም። እንዲህ ይላሉ፦ «ከሁለት ወር ወዲህ ፒያሳ ስደርስ የኋላው አክስል እጅ አያስነካም። የሚቃጠል ነገርም ይሸታል። ያየው መካኒክ ኮሮናና ፒኞኑ አልቋል፣ ይቀየር አለኝ። ሶማሌ ተራ ዋጋ ጠይቄ ደንግጬ ተመለስኩ። ልቀይር ወይስ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል?»

አይቀይሩ፤ ቢያንስ በዚህ ሳምንት አይቀይሩ። መካኒኩ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም፤ እንዳለውም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «አክስሉ ጋለ» ማለት ሕመምተኛ «ሆዴን አመመኝ» እንደሚለው ነው። ሆድ ውስጥ ስንት ነገር አለ! የኋላውን አክስል ከግራ ወደ ቀኝ ብንሄድበት ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡርና እርሱን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ፣ ጎማውን በቀላሉ የሚያዞረው የጎማ ኩሽኔታ፣ መሐል ላይ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል (ኮሮናና ፒኞን የሚባሉት ባለ ጥርስ ብረቶች ያሉበት)፣ አፍንጫው ላይ የፒኞኑ ኩሽኔታ፣ ከዚያ እንደገና የጎማ ኩሽኔታ፣ እንደገና ታምቡር እናገኛለን። ሁሉም የየራሱን ሙቀት ይሠራል፤ ብረቱ የተያያዘ ስለሆነ ደግሞ ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል። አስቀድመን ማወቅ ያለብን ሙቀቱ የማን እንደሆነ ነው። ይህ ሳይታወቅ ዲፈረንሻል ማስፈታት ገንዘብ ማባከን ነው።

በእጅ መንካትን እንደ መለኪያ አይውሰዱት። የሰው እጅ 60 ዲግሪ የደረሰ ብረት ላይ ከአፍታ በላይ መቆየት አይችልም፤ ጭነት ጎትቶ ዳገት የወጣ ዲፈረንሻል ግን ምንም ሳይጎድለው 80፣ አንዳንዴም 100 ዲግሪ ይደርሳል። ፒኞኑ ኮሮናውን ሲያዞር ጥርሶቹ የሚንከባለሉ ብቻ ሳይሆኑ አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተቱም ናቸው። (ኮሮና የሚለው ቃል ከበሽታው እጅግ ቀድሞ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገባ ነው። ዘውድ ማለት ነው፤ ቅርጹን ያየ ምክንያቱ ይገባዋል።) በዚህ መንሸራተት ከሚተላለፈው ጉልበት ከመቶ 3 እስከ 5 የሚሆነው ወደ ሙቀት ይለወጣል። መኪናዎ ከነተሳቢው፣ ከነኬብሉና ከነሠራተኞቹ 40 ኩንታል ነው እንበል። በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 60 ኪሎ ዋት ገደማ ያስፈልጋል። የዚህ 4 በመቶ ከ2 ኪሎ ዋት በላይ ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ እንግዲህ ከመኪናዎ ሥር ምጣድ ተጥዷል ማለት ይቻላል። የሚያበርደው ነፋስ ብቻ ነው። የእኛ ከተማ አየር ደግሞ ከባሕር ዳርቻው አየር ከመቶ 20 በላይ የሳሳ ስለሆነ ይዞ የሚሄደው ሙቀትም የዚያኑ ያህል ያንሳል።

ስለዚህ እንለካ። ከርቀት በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ይግዙ ወይም ይዋሱ። በወረርሽኙ ጊዜ በየቢሮው በር ላይ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ግን አይሆንም፤ እርሱ የሰው ትኩሳት ብቻ እንዲያነብ የተሠራ ነው። የኢንዱስትሪውን ዓይነት ይፈልጉ። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ሲያነጣጥሩት ከእውነተኛው ሙቀት በጣም ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ፣ ቀለም ወይም አቧራ ያለበትን ቦታ ይምረጡ። መሣሪያው ካልተገኘ የውሃ ጠብታም ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ገደማ ላይ ነው። ዲፈረንሻሉ ላይ ያረፈች ጠብታ ቀስ ብላ ከደረቀች ከዚያ በታች ነዎት፤ ጭስ ብላ ከጠፋች አልፈዋል።

የመመርመሪያ ማሽኑን ከተማችን በነጻ ሰጥታናለች፤ ቸርችል ጎዳና ይባላል። ከለገሃር ተነሥቶ በፖስታ ቤትና በጥቁር አንበሳ በኩል እስከ ማዘጋጃ ቤት እየወጣ ይሄዳል። ሲወጡ የሚሠራው ዲፈረንሻሉ ነው፤ ፍሬኑ ያርፋል። ሲወርዱ ፍሬኑ ይሠራል፤ ዲፈረንሻሉ በተራው ያርፋል። እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሳለ፣ ጀኔሬተሩን እንደ ወትሮው ጎትተው ከታች ይነሡ። ከመነሣትዎ በፊት ሁለቱን ታምቡሮች በቸርኬው ቀዳዳ በኩል፣ ሁለቱን የአክስል ጫፎች፣ የዲፈረንሻሉን ሆድና አፍንጫ፣ እንዲሁም የተሳቢውን ሁለት ጎማዎች መሐል ለክተው ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ በተቻለ መጠን ፍሬን ሳይነኩ ይውጡ። ላይ እንደደረሱ ማቆም በሚፈቀድበት ቦታ ቆመው ወዲያው እንደገና ይለኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚለካ ሙቀት ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ ያን ጊዜ ተጋብቶ አልቋል። ግማሽ ሰዓት አሳርፈው ይውረዱና ታች ሆነው ለሦስተኛ ጊዜ ይለኩ።

ወረቀቱን ማንበብ ቀላል ነው። ሲወጡ አፍንጫውና ሆዱ ብቻቸውን ዘልለው ታምቡሮቹ ቀዝቃዛ ከሆኑ መካኒክዎ ትክክል የመሆን ዕድል አለው፤ ዘይቱን ወይም ጥርሱን እንመረምራለን። ማንም ፍሬን ሳይረግጥ ዳገት ላይ ታምቡር ከጋለ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የያዘ ፍሬን ነው። ሲወርዱ ሁለቱም ታምቡሮች እኩል ከጋሉ ከአቅማቸው በላይ እየሠሩ ነው። አንዱ ብቻ ከጋለ ጥፋቱ በዚያ በኩል ነው። በግራና በቀኝ መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት እንቅልፍ አይነሣኝም፤ 30 ከሆነ ጎማው ይፈታ። በመውጣትም በመውረድም አንዱ የአክስል ጫፍ ከጋለና እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ድምፁ መኪናው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታጠፍ ከፍ፣ ወደ ሌላው ሲታጠፍ ዝቅ ማለቱ ጥርጣሬውን ያጠናክረዋል።

ሳልለካ ገምት ቢሉኝ ግምቴ ፍሬን ነው። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ሽታው ነው። የዲፈረንሻል ዘይት ውስጥ ድኝ ስላለ ሲቃጠል የክብሪት ወይም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይሸታል። የፍሬን ሸራ ግን ጉሮሮ የሚከረክር፣ ጨርቅና ፀጉር አብረው የተቃጠሉ የሚያስመስል ሽታ አለው። እርስዎ የትኛው እንደሆነ አልጻፉም፤ ቀጥሎ ሲሸትዎ መስኮቱን ከመዝጋት ይልቅ ወርደው ያሽትቱ። ሁለተኛው ምክንያት ድምፅን አለማንሳትዎ ነው። ያለቀ ኮሮናና ፒኞን ከመጋሉ በፊት ያለቅሳል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ወይም እግርዎን ሲያነሡ ዜማውን የሚቀያይር ዋይታ አለው። በሁለት ወር ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ያለቀ ጥርስ ብዙ አላጋጠመኝም።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት የውሃ ታንከር የሚጎትት ላንድክሩዘር መጣልኝ፤ ያኔ ተቀጥሬ የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ሆዱን ነካሁት፣ ፈጀኝ፣ ዲፈረንሻሉን አወረድኩት። የፒኞን ኩሽኔታዎቹን ቀየርኩ፣ ዘይቱን ቀየርኩ፣ ሒሳብ ተከፈለ። መኪናው በሳምንቱ እንደጋለ ተመለሰ። ጥፋቱ ዝጎ የማይመለስ የእጅ ፍሬን ገመድ ነበር። የቀኙ ሸራ ታምቡሩን ቀኑን ሙሉ እያሻሸ የሚሠራው ሙቀት በአክስሉ ቱቦ በኩል ወደ መሐል ይሄድ ነበር። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ስለነበሩ ዝም አሉኝ፤ ዝምታቸው ከስድብ የከፋ ነበር።

ስለዚህ የእጅ ፍሬን ገመዱን አስቀድመው ይፈትሹ። በጠፍጣፋ ቦታ ተሳቢውን ፈትተው፣ የፊት ጎማዎቹን በሁለት በኩል በታኮ አስይዘው፣ ማርሹን ነጻ አድርገው፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀው፣ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ያንሡና በእጅ ያዙሩት። ከዚያ ሌላውን። ሁለቱ እኩል ሊዞሩ ይገባል። ክሪክ ብቻ የያዘው መኪና ሥር ግን አይግቡ።

አሁን ወደ ተሳቢው ልምጣ፤ ዋናው ተጠርጣሪ እርሱ ነውና። የሃይሉክስ አምራች ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቅደው 750 ኪሎ ግራም ነው። የእርስዎ እጥፍ ነው። ቁልቁለት ላይ 15 ኩንታል ከኋላ ሲገፋዎት የሚያቆመው የፒክአፑ ፍሬን ብቻ ነው። 40 ኩንታል የሚመዝን ነገር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሲወርድ በፍሬን ብቻ ከተያዘ፣ የሚወጣው ሙቀት 13 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከእንጦጦ እስከ መስቀል አደባባይ ስንት መቶ ሜትር እንደሚወርዱ ያስቡና ያባዙት።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይጨመራል። አብዛኞቹ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስላቸው ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ የጭነቱን መጠን እየተከተለ የፍሬን ግፊት የሚያከፋፍል ቫልቭ አላቸው። የመኪናው ወገብ ዝቅ ሲል ቫልቩ «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላው ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይልካል። ጭነቱ በእርግጥ ፒክአፑ ላይ ሲሆን ይህ ብልኅ አሠራር ነው። የተሳቢው አንገት ከመኪናው ኋላ ያለውን የማያያዣ ኳስ ወደ ታች ሲጫነው ግን ቫልቩ ልዩነቱን አያውቅም። የኋላው ፍሬን አብልጦ ይረገጣል፤ ከኋላ የሚገፋውንም ይሸከማል። ምናልባት ከሁለት ወር በፊት ጀኔሬተሩን በሌላ ቀይረዋል፣ ቦታውን ወደ ፊት ገፋ አድርገዋል፣ ወይም ባሌስትራ አስጨምረዋል? በባሌስትራው የኋላው ከፍ ብሎ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ቫልቩ መኪናውን ባዶ ነው ብሎ ስለሚገምት የኋላው ፍሬን ይሰንፋል፣ የፊተኛው ይቃጠላል። ከሁለት ወር በፊት ምን እንደተለወጠ ማስታወስ ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጥብኛል።

የአንገቱ ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አሥር በመቶ አካባቢ ይሁን፤ ለእርስዎ 150 ኪሎ መሆኑ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ ከበዛ አክስሉን ይጨቁናል። 150 ኪሎ ኳሱ ላይ ሲያርፍ አክስሉ ላይ የሚያርፈው 150 ብቻ አይደለም። ኳሱ ከኋላ አክስሉ 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ቢሆንና በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል 3 ሜትር ቢኖር፣ መኪናው እንደ ሚዛን ዘንግ ይሠራና አክስሉ 210 ኪሎ ይሸከማል፤ 60ው ከፊት ጎማዎቹ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ የመጣ ነው። የጎተራ ሚዛን ከአንገቱ ሥር አስገብቶ መመዘን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እግረ መንገድዎን ተሳቢውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ሆናችሁ ገፋ አድርጋችሁ እዩት፤ አክስሉ ጠማማ ከሆነ ወይም ኩሽኔታው ግራሶ ካጣ እምቢ ይላል። ያንን እምቢታ መኪናዎ በየቀኑ ይከፍለዋል።

መለኪያው ዲፈረንሻሉን ከከሰሰ ደግሞ በርካሹ እንጀምር። የዘይት መሙያውን ብሎን ይፍቱና ጣትዎን ያስገቡ፤ ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መውረድ የለበትም። ከጎደለ የት እንደሄደ ይጠይቁ። ከመጠን በላይ መሙላትም ጥፋት ነው፤ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ጥርስ አይጠብቅም። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የታችኛው ብሎን ማግኔት ላይ ጥቁር ግራጫ ልስልስ ጭቃ ማየት የተለመደ ነው፤ ስንጥር ወይም የጥርስ ቁራጭ ካዩ ግን ክርክሬን ትቼ ከመካኒክዎ ጎን እቆማለሁ።

የዘይቱን ዓይነት በተመለከተ ጋራዦቻችን ውስጥ «ወፍራም ይሻላል» የሚል እምነት አለ። አልስማማም። ለዚህ መኪና ጂኤል-5 የሚል ደረጃ (ጥርስን የመጠበቅ አቅሙን የሚናገር) ያለው 80ደብሊው-90 (ይህ የውፍረቱ ቁጥር ነው) ይበቃል፤ አዘውትሮ ለሚጎትት 75ደብሊው-140 ሰው ሠራሽ ዘይት ከተገኘ የተሻለ ነው። ዋናው ጂኤል-5 መሆኑ ነው፤ የሞተር ዘይት ወይም ጂኤል-4 በዚያ መንሸራተት ላይ ጥርሱን ከብረት ለብረት ንክኪ አያድነውም። ከልክ ያለፈ ወፍራም ዘይት ደግሞ ራሱን ለማማሰል ጉልበት ይበላና ሙቀት ይጨምራል። ለሚጎትት መኪና በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ አስቀይራለሁ።

አክስሉ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር መተንፈሻም ይመልከቱ። ጭቃ ሲደፍናት በሙቀት የሚለጠጠው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን እንዳይወጣ በሚያግዱት ላስቲኮች (ማገጃዎች) በኩል ወደ ታምቡሩ ይገፋዋል። ያን ጊዜ ሸራው ዘይት ይጠጣል፣ ይጨሳል፣ ዲፈረንሻሉም ዘይት ይጎድለዋል፤ አንዱ መካኒክ ፍሬን ነው፣ ሌላው ዲፈረንሻል ነው ብለው ሲከራከሩ ሁለቱም ልክ ይሆናሉ። የተቃጠለ ሽታና የጋለ አክስል አብረው ሲመጡ ይህችን ቀዳዳ ሳላይ አልተኛም።

ክረምት ላይ ዳገቱ ረጠበ ብለው አራቱንም ጎማ በአስፋልት ላይ የሚያሠሩ ከሆነ ያንን ያቁሙ። ሃይሉክስ በዚያ ሁኔታ የፊትና የኋላ አክስሎቹን አጥብቆ ያስራቸዋል። ጎማዎቹ በየመታጠፊያው የተለያየ ርቀት መሄድ ሲፈልጉና አስፋልቱ አላንሸራትት ሲላቸው፣ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይጨናነቃሉ፤ ሙቀቱ ከዚያም ይመጣል።

እስኪጣራ ድረስ ሦስት ነገር እለምንዎታለሁ። ሽታ ካለ ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ ታኮ ያድርጉ። የጋለ ታምቡር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሸራውን ነክሶ ይቀራል። ከዳገት ወርደው ቀጥታ ላቫጆ አይግቡ፤ የጋለ አክስል ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በማገጃዎቹ በኩል ወደ ዘይቱ ይስበዋል፤ ታምቡሩም ሊሰነጠቅ ይችላል። የፍሬን ዘይቱንም ያስቀይሩ። ዶት 3 የተባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ፍሬን ዘይት ፈላ ማለት ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል ማለት ነው፤ ቸርችል ላይ፣ 15 ኩንታል ከኋላ ይዘው።

ለተሳቢው ፍሬን ያሠሩለት። ሲገፋ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ያለው የተሳቢ አንገት አለ፤ ሶማሌ ተራ ከነገሩዎት የኮሮናና ፒኞን ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት። የእሑዱን ቁጥሮች ይላኩልኝ። ዳገቱን ወጥተው አፍንጫው ከ120 ዲግሪ ካለፈና ታምቡሮቹ ቀዝቃዛ ከሆኑ ይፈታ እላለሁ። መግዛት ግድ ከሆነም ኮሮናውና ፒኞኑ አብረው የተፈጨ ጥንድ ናቸውና ለየብቻ አይግዙ፤ በሁለቱም ላይ የተመታው ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑን ይዩ። ከሁሉ በላይ ጥርሱን ያስቆጥሩ። ባለ 41 እና 10 ጥርስ ጥንድ 4.1 ይሰጣል፤ ባለ 43 እና 11 ደግሞ 3.909። የኋላው ከፊተኛው ዲፈረንሻል ጋር ካልተመሳሰለ፣ አራቱን ጎማ ባሠሩ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ አክስሎች ይታገላሉ፤ ሁለተኛ ጥያቄዎም የፊተኛው አክስል ለምን ጋለ የሚል ይሆናል።